ቀኑ ክፍት ይሁን

ጭጋግ ከጦሳ ወርዶ ፒያሳን ሲያለብስ፣
ሱቄን ከፈትኩና አልኩኝ «ዛሬስ፣ ዛሬስ…»
ኮምፒውተሬ አሮጌ፣ ፕሪንተሬ የሚያስል፣
በሬ ላይ የለጠፍኩ፦ «ኮፒ፣ ማመልከቻ፣ ውል።»

የሰው ዕዳ ሁሉ በጣቴ ስር አልፏል፣
«ጉዳዩ፦ ጊዜ ስለመጠየቅ» ስንቴ ተጽፏል።
የባቲው ነጋዴ ግመሉ ሞቶበት፣
የሐይቁ አስተማሪ ደሞዝ ዘግይቶበት፣
እኔ ነኝ የለመንኩ፣ እኔ ነኝ ያስታረቅኩ፣
ለራሴ ግን አንዲት መስመር ያልሞከርኩ።
ሦስት ወር ሆነኝ ኪራይ ካልከፈልኩ።

መጀመሪያ ጥር ላይ፣ የወረቀት ዋጋ ሲንር፣
«የጎደለህን ልሙላ» ያለኝ ስልኬ ነበር።
ስሙ «እንደኪሴ» ነው። ኪሴን መች ያውቅና!
ኪሴ ያለው ቁልፍ ነው፣ እሱም የሰው ቤት ነውና።
ለመብራት ሞላልኝ፣ ለቀለም ሞላልኝ፣
ለልጄ ሳል ሽሮፕ ሳልጠይቅ ሞላልኝ።
ከዚያ ቀን በቀን ክፍያው ይወርዳል፣
እንደሚያፈስ ጣሪያ ጠብ… ጠብ… ይላል፤
ለጣሪያስ ባልዲ አለ፣ ለዚህ ምን ይቀርባል?

ደንበኛ በስልኩ ሃያ ብር ሲልክልኝ፣
«ገቢ ሃያ ብር» ብሎ ሳይጨርስልኝ፣
«ተቀናሽ ሃያ ብር።» ልክ ደጄ ላይ ቆሞ
እንግዳዬን ሁሉ እንደሚቀበል ቀድሞ።

ማታ ማታ ታዲያ በቧንቧ ውሃ ዞሬ፣
ጫማዬን አውልቄ፣ መብራት ሳላበራ፣ ቀስ ብዬ በበሬ።
«አራጋው፣ አመሸህ?» ትላለች ከጓሮ፤
ትንፋሼን እይዛለሁ። ትንፋሽም ተቆጥሮ
የሚከፈልበት መሰለኝ ዘንድሮ።

እና ሰኞ ዕለት፣ ከገበያ መልስ፣
እትዬ ጦይባ ዘንቢል አንጠልጥላ ሱቄ ስትደርስ፣
መግቢያ ጠፋኝ። ጠረጴዛው ጠባብ ነው።
«ጻፍልኝ» አለችኝ።
«ለማን ነው?»
«ስላንተ ነው።
ቀበሌው ያለ ወረቀት አልሰማም ብሎኛል፤
ካንተ ሌላ ደግሞ ማን ይጽፍልኛል?»

ተቀመጠች። ቁና ቁና ተነፈሰች።
«የእንድሪስ ባጃጅ በብድር ነች፤
አንተ ስትዘገይ እኔም ባንክ ዘገየሁ።
ባንክ አብሽሪ አያውቅም፣ ልጄ፤ እኔ ግን
አብሽር እያልኩህ ስንት ወር ቆየሁ።»

ጻፍኩት።
«ጉዳዩ፦ ቤት እንዲለቅልኝ ስለመጠየቅ።»
ጣቴ ለምዶታል፣ አላወቀም መሳቀቅ።
«አልከፈለኝም» ያለችውን አሳመርኩት፣
«በተደጋጋሚ ተጠይቀው ፈቃደኛ ስላልሆኑ» ብዬ አጠነከርኩት።
ራሴን «እርሳቸው» አልኩ፤ በዕዳዬ ከበርኩ፣
ሙያ ነውና፣ አንድ ፊደል አላጓደልኩ።

ሳነብላት ሻሿን ነካ ነካ አደረገች።
«ይሄ ቃል በዛ» አለች፣
«ፈቃደኛ ያልሆኑ የሚለው።
አውጣው። ፈቃድማ አለህ፤ የሌለህ ብሩ ነው።»

አወጣሁት።
«ቀኑስ?» አልኳት፣ «እስከ መቼ ልበል?»
ጭጋጉን አየች፣ ገና አልተነሳም፣ የሚነሳም አይመስል።
«ቀኑን ክፍት ተወው።
ሲጨንቀኝ እሞላዋለሁ።»

«ስንት ነው?»
«ተይው፣ እትዬ።»
«ወላሂ አይሆንም! የሰው ላብ አልበላም» ብላ
ስልኳን ዓይኗ ስር አስጠግታ፣ ቁጥር በቁጥር ለቅማ
ላከችልኝ።
ገቢ ሃያ ብር።
ተቀናሽ ሃያ ብር።
«ደረሰህ?» አለች።
«ደረሰኝ» አልኩኝ።

ወረቀቱን አጥፋ ከሽንኩርቱ ጋራ
ዘንቢሏ ውስጥ ከታ ልትወጣ ስትጣጣራ፣
ዳገቱ ታወሰኝ፣ ጉልበቷ ታወሰኝ።
ሱቄን ቆለፍኩና፣ «አምጪው፣ እኔ ልያዝ» አልኩኝ።

ያን ቀን በፊት ለፊት በር ገባሁ፣
ዘንቢሉን ተሸክሜ።